የመስመር ተጫዋቹ ኤምሊን

መልእክቱ የደረሰኝ አውቶቡሱ ውስጥ ተንበርክኬ የተማሪዋን የማያን ዊልቸር ከወለሉ ቀለበቶች ጋር እያሰርኩ ሳለ ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ስቤ መጥበቃቸውን ካየሁ በኋላ አወጣሁት። «አባቴ ዛሬ ጠዋት ሞተ። ካሪስ ነኝ።» ሌላ ቃል የለውም። እንደምን ዋልሽ የለ፣ አይዞሽ የለ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው የለ።

በእኛ ወግ ሞት እንዲህ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ተጠራርቶ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል። ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ቢወድቅ የሚደግፉት እጆች ዙሪያውን ቆመው ነው የሚረዳው። ስለዚህ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ወዲያው ግን እንዲህ አድርጋ እንድትጽፍልኝ ያዘዛት ሟቹ ራሱ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ከፊታችን የከሰዓቱ ጉዞ ነበር። ልጆቹን በየቤታቸው አድርሰን እስክንመለስ ወሬውን ይዤ መቆየቴ ነው። ስመለስ ደግሞ መንገር ያለብኝ ሰው አለ፤ በግቢያችን የአውቶቡሶቹን ጉዞ በሬዲዮ የሚመሩት ጋሽ ክፍሌ። ኤምሊን እና ጋሽ ክፍሌ ወዳጆች ነበሩ። በኋላ ኤምሊን ዘጋቸው። እንደዘጋቸውም ሞተ።

ኤምሊን የዌልስ ሰው ነው። አሜሪካ፣ ሬንተን ከተማ አጠገብ ባለው የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ግቢ እሱ ሾፌር፣ እኔ ልጆቹን የምጠብቅ ሞኒተር ሆነን ለዓመታት በአንድ አውቶቡስ ሠርተናል። ሰባ ዓመት የሞላው፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ጭኑ የወፈረ ሰው ነበር። አፍንጫው ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ወደ ግራ ያደላል። የግራ ጉልበቱ ስለማይታጠፍለት ከአውቶቡሱ በጎኑ ነበር የሚወርደው። ጋሽ ክፍሌ «ጋሽ ኤምሊን» እያሉ ይጠሩት ነበር። የጋሽን ትርጉም ስነግረው፣ «እኔ ጳጳስ አይደለሁም፤ የመስመር ተጫዋች ነኝ። ከአንቺ አልፈልግም» አለኝ። ስለዚህ በሕይወቱ እንደለመደው እዚህም እሱ እለዋለሁ።

የመስመር ተጫዋችነቱ በራግቢ ነው። ራግቢ በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት፣ ኳሷን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ ነው። በእጅ መስጠት የሚቻለው ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ ወደ ፊት የሚሄደው ሯጩ ነው። ተጋጣሚው እግርህን ይዞ ይጥልሃል። ኳሷን ከመጨረሻው መስመር ማዶ መሬት ካስነካህ ነጥብ አገባህ። ሌሎቹ መሐል ሜዳ ላይ ጭቃ ውስጥ ሲተናነቁ፣ የመስመር ተጫዋቹ ጥግ ላይ ቆሞ ኳስ እስክትደርሰው ይጠብቃል።

«በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ ትደርስህ ነበር?» አልኩት አንድ ቀን።

«ጥሩ ቀን ከሆነ አራት ጊዜ።»

«መጥፎ ቀን ከሆነስ?»

«መጥፎ ቀን ከሆነ መዝሙር እዘምራለሁ፣ ይበርደኛል፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

ያ የመጠበቅ ልማድ አልለቀቀውም። ትምህርት ቤት በር ላይ ቆመን ልጆቹ ሲዘገዩ ሌላው ሾፌር ስልኩን ያወጣል። ኤምሊን ግን እጆቹን በብብቱ ሥር ያስገባና በሩን ያያል። ዓይኑን አያነሳም። እጁ ከቀዘቀዘ ኳስ ያመልጠዋል፤ ዓይኑን ካነሳ ደግሞ የመጣችበትን አያውቅም። እንዲህ ብሎ ነው ያስረዳኝ።

ከእሱ ጋር መሥራት ስጀምር እኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን በማታ እየጨረስኩ ነበር። መጽሐፌን በጃኬቴ ሸፍኜ ነበር የማነበው፤ በዚህ ዕድሜ የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ይዤ መታየቱ ያሳፍረኝ ነበር። በመስታወቱ አይቶኝ፣ «ቲሩ፣» አለ፤ ጥሩነሽ ማለት ከብዶት፣ «ስድ መጽሐፍ ነው እንዴ የምትደብቂው?»

«የሥነ ሕይወት ነው።»

«ከሆነማ አውጪው። የዘገየ ኳስም ኳስ ነው።»

ከዚያ በኋላ በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን ጥያቄዎች ሳይጠይቀኝ አያልፍም። መልሱን እሱም አያውቀው፤ እኔ ስመልስ ሳንገራግር ካየ ግን፣ «እርግጠኛ አይደለሽም፤ ተመለሺና አንብቢ» ይለኛል። ትክክል ነበር፤ እርግጠኛ አልነበርኩም።

በግቢያችን ካሉት ሾፌሮች ግማሹ የአገራችን ሰዎች ናቸው። ጠዋት ሬዲዮው ላይ የወለጋውም፣ የመቀሌውም፣ የጉራጌውም ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ክፍሌ በየማለዳው ኤምሊንን በአማርኛ፣ «ጋሽ ኤምሊን፣ እንደምን አደሩ?» ሲሉት እሱም ባስጠኑት መሠረት፣ «ኢግዜር ይመስጌን!» ይላል። ሾፌሩ ሁሉ በየአውቶቡሱ ይስቃል። ሁለቱ ሻይ ላይ ሲገናኙ ክርክራቸው አንድ ነበር።

«በእጅ የሚያዝ ኳስ ምን ኳስ ነው? ይሄ እኮ ዝርፊያ ነው!» ይላሉ ጋሽ ክፍሌ።

«ዝርፊያ ከሆነ እኔ መንግሥት መለያ ያለበሰኝ ወንበዴ ነኝ።»

መለያው ቀይ ነበር። ኤምሊን ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን ተጫውቷል። ይህን ራሱ አልነገረኝም። አንድ የአካባቢው ጋዜጠኛ ከየት እንዳገኘው አላውቅም፣ መጥቶ በአውቶቡሱ ፊት አቁሞ ፎቶ አነሳውና ጻፈለት። ያ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ ሥራ ቦታው እንጂ ስልኩ አልተጻፈበትም። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ጽሑፉ ያላለውን ለእኔ ነገረኝ። ጉም ወርዶ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ያዘገየበት ቀን ነበር። እጆቹ ብብቱ ሥር፣ ዓይኑ በሩ ላይ ነበር።

የተወለደው ከብረት ማቅለጫ ሥር በተሠራች መንደር ነው። አባቱ እዚያው ሠራ፤ ታላቅ ወንድሙ ግዊን እዚያው ገባ፤ እሱም ተከተለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ ለመንደሩ ክለብ ይጫወታሉ። ግዊን መሐል፣ ኤምሊን ቀጥሎ በመስመሩ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የነካኋትን ኳስ ሁሉ የሰጠኝ ግዊን ነው» አለኝ። «ሳያየኝ ነበር የሚሰጠኝ። እዚያ እንደምሆን ያውቃላ።»

ለአገር የተመረጠው ግን ኤምሊን ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ ኳስ አንዴ ደረሰችው። ግማሽ ሜዳ ሮጠ፣ ተረከዙን ሲይዙት በአንድ እጁ መሬት አስነካት። ስታዲየሙ ሲዘፍን እሱ ሕዝቡ መሐል ወንድሙን ይፈልግ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ተመልሰው ምድጃው ፊት ቆሙ። በዚያ ዘመን ለዚህ ጨዋታ ደመወዝ አይከፈልም፤ ለአገር የተጫወተ በዘርፍ ያጌጠ ቆብ ይሰጠዋል፣ በቃ።

ለጥቂት ዓመታት እንዲህ ኖረ። ከዚያ ማቅለጫው ተዘጋ። በሰሜን እንግሊዝ ሌላ ዓይነት ራግቢ አለ፤ የሚከፈልበት። ደንቡ ግን ጨካኝ ነበር። ወደዚያ የሄደ ሰው በቀድሞው ጨዋታ ዕድሜ ልኩን ይወገዛል። መጫወት ብቻ አይደለም፣ የክለቡን ደጅ መርገጥም ተከልክሏል። እናትና አባታቸው የሚኖሩት እሱ ጋ፣ በእሱ ደመወዝ ነበር። ኤምሊን ፈረመ።

ለገና መንደሩ ሲመለስ ክለቡ ገባ። ፎቶው ተሰቅሎበት ከነበረው ግድግዳ ላይ ምስማሩና የፎቶው ምልክት ብቻ ቀርቷል። ጥንት ያሠለጠነው ሰው ብርጭቆ ይወለውላል፤ አልቀዳለትም። ግዊን ጥግ ካለ ጠረጴዛ ተነሳና ከፊቱ ቆመ። «እኔ ሰጠሁህ፤ አንተ ሸጥከው» አለው። ከዚያ ጀርባውን ሰጠው።

«ቆቡ አይበላም ነበር፣ ቲሩ» አለኝ ኤምሊን። «ግን ይህ መልስ የመጣልኝ ከወጣሁ በኋላ መንገድ ላይ ነው። እዚያ ቆሜ ምንም አላልኩም።»

በሰሜን በሦስተኛው ክረምቱ በረዶ በሠራው ሜዳ ላይ ጉልበቱ ተሰበረ፤ ሩጫው በዚያው አበቃ። ጉልበቱን ታሽለት የነበረችው አሜሪካዊት የሬንተን ልጅ ነበረች። አገባትና እዚህ መጣ፤ አውሮፕላን ፋብሪካው ውስጥ ጡረታ እስኪወጣ ሠራ፤ ካሪስን አሳደጉ። ሚስቱ ስትሞት ቤቱ ዝም አለበትና አውቶቡስ መንዳት ጀመረ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ ለገና ለገና ለግዊን ይደውል ነበር። ግዊን ያነሳል። የኤምሊንን ድምፅ ይሰማል። ትንሽ ይተነፍሳል። ይዘጋል።

«ትንፋሹን አውቀዋለሁ። ከጎኔ ሲሮጥ የምሰማው ነዋ» አለኝ። አንድ ገና ላይ ቁጥሩ አልሠራም፤ ከዚያ ወዲያ የሚደውልበት አልነበረውም። ይህን ሲጨርስ የትምህርት ቤቱ በር ተከፈተና የዊልቸር ማንሻውን ሊፍት ሊያወርድ ተነሳ።

አሁን ጋሽ ክፍሌን ወደ ዘጋበት ሳምንት ልምጣ።

ጋሽ ክፍሌ በዚያ ሳምንት ለኤምሊን ከወትሮው የተለየ ደግነት ያሳዩት ጀመር። ማክሰኞ ከሰዓት ድፎ ዳቦ በፎይል ጠቅልለው አመጡለት። ረቡዕ ጠዋት ስንደርስ የአውቶቡሱን የፊት መስታወት እየጠረጉ አገኘናቸው። «ክፍሌ፣ ልትሞት ነው ወይስ ልታስባርረኝ ነው?» አላቸው ኤምሊን። ጋሽ ክፍሌ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። ሐሙስም ጠረጉ።

ዓርብ ከሰዓት ቢሮ ጠሩኝ። እትዬ ብርቄ፣ ከሾፌሮቹ ሁሉ ታላቋ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ጥግ ተቀምጠዋል።

«የኤምሊን ወንድም አርፏል» አሉኝ ጋሽ ክፍሌ። «ዛሬ ኮል አደረጉ። ነገ ጠዋት እንሄዳለን። የሥራ ጓደኛው ነሽና አንቺም ትመጫለሽ።»

«ዛሬ ነው የደወሉት?»

ጋሽ ክፍሌ እትዬ ብርቄን አዩ። እትዬ ብርቄ መሬት አዩ።

«ማክሰኞም ደውለው ነበር» አሉ። «የወንድሙ ልጅ ናት፤ ኢንተርኔት ላይ ያለውን አይታ። ሰውየው ሊያርፍ ነው፣ ድምፁን ልስማ ብሏል፣ ቶሎ ንገሩልኝ አለች። ሶ፣ ምን ላድርግ? ሊወጣ ነው። ልጆች ጭኖ ሊነዳ ነው። ይሄን ነግሬው ፍሪዌይ ላይ ልልቀቀው?»

«ማታስ?»

«ማታ ብቻውን ነው። ብቻውን ላለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል እንዴ፣ ጥሩነሽ? ስልኩንስ ብሰጠው፣ ከማያየው ሰው አፍ ድንገት ሊሰማው አይደል? ቅዳሜ አስቤ ነበር። ሰው ይዤ፣ ትኬቱን ቆርጠን፣ እየደገፍን ኤርፖርት ልንሸኘው።»

«ሰውየው እኮ በሕይወት ነበር፣ ጋሽ ክፍሌ። መርዶ ለሞተ ነው የሚጠበቀው።»

«የሚቆይ መስሎኝ» አሉ። እትዬ ብርቄ፣ «በቃ ተይው እስቲ፣ ለራሱ ጸጸት የበላውን» አሉኝ።

የኤምሊን ቤት ስካይዌይ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከመንገዱ ዝቅ ብላ ያለች ትንሽ ቤት። ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ መኪኖቻችንን ራቅ አድርገን ፓርክ አድርገን በእግር ወረድን። ዝናብ ያካፋል። ሴቶቹ ጥቁር ለብሰናል። በሩን ጋሽ ክፍሌ አንኳኩ።

ኤምሊን በቁምጣ፣ ኩባያ ይዞ ከፈተ። «ቲሩ፣ አውቶቡሱ ተቃጠለ?» አለ። ቀጥሎ ከኋላዬ ያሉትን አየ። ልብሳችንን አየ። ኩባያው ከእጁ ወደቀ።

«ካሪስ ናት?» አለ። «ካሪስ ናት?»

የእኛ ሰዎች መልስ ለመስጠት አልተዘጋጁም፤ መርዶ እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም፣ ዙሪያውን ተሂዶ ነው የሚደረሰው። ጋሽ ክፍሌ፣ «ጋሽ ኤምሊን፣ ሰው ሆኖ የማይጠራ የለም…» ብለው በእንግሊዝኛ ጀመሩ። እትዬ ብርቄ ማልቀስ ጀመሩ። እሱ ጉልበቱን ይዞ የበሩን መቃን ተደገፈ፤ ፊቱ አመድ ሆነ።

«ካሪስ ደኅና ናት። ግዊን ነው፤ ትናንት» አልኩት።

ተነፈሰ። ወዲያው መተንፈሱ ያሳፈረው መሰለ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እትዬ ብርቄ ከጎኑ ተቀምጠው ትከሻውን ያዙት፤ ያዙኝም ተዉኝም አላለም። ከዚያ፣ «እንዴት አወቃችሁ?» አለ።

ጋሽ ክፍሌ ሊዋሹ ይችሉ ነበር። አልዋሹም። አንገታቸውን ደፍተው ሁሉንም ነገሩት፤ ማክሰኞን፣ ድምፁን ልስማ መባሉን፣ ቅዳሜን።

ኤምሊን ቀና ብሎ አያቸው። «መስታወቴን የጠረግኸው ለዚህ ነው» አለ።

«ጋሽ ኤምሊን፣ በእናትዎ…»

«አርባ ዓመት አላናገረኝም። ማክሰኞ ዕለት ተናገረ።» ድምፁን አላነሳም። «ኳሷን ሰጠኝ፣ ክፍሌ። መሐል ገብተህ ያዝካት፤ ሸሚዝህ ውስጥ ከተትካት።»

ከዚያ ወዲያ ለጋሽ ክፍሌ የተናገረው ቃል የለም።

ሄዶ ወንድሙን ቀበረ። ሲመለስ ስለ መንደሩ አንድ ነገር ብቻ ነው የነገረኝ። የግዊን ልጅ እንዳለችው፣ ግዊን ስልኩን ደረቱ ላይ አስቀምጦ እስከ ሐሙስ ማታ ነቅቶ ነበር። በጮኸ ቁጥር እጁን ያነሳ ነበር። ሐሙስ ማታ እጁ ማንሳቱን ተወ።

ሥራ በገባ በመጀመሪያው ጠዋት ሬዲዮው፣ «ጋሽ ኤምሊን፣ እንደምን አደሩ?» አለ። ግቢው ሁሉ ጆሮውን አቆመ። ኤምሊን መነጋገሪያውን አነሳ፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተጫነና መልሶ ሰቀለው። ጭቅ፣ ጭቅ። ሰምቻለሁ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም ማለት አይደለም። ጋሽ ክፍሌ በማግሥቱም እንደምን አደሩ አሉ። ጭቅ፣ ጭቅ። ዓመት እንዲህ ሄደ። ሾፌሮቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ በኋላ ለመዱት፤ ከዚያም አልፈው ቀለዱበት።

እትዬ ብርቄ ያሉባቸው ሦስት ሽማግሌዎች ተላኩ። ሦስቱንም በክብር አስገባ፣ ሻይ በወተት አፈላ፣ አዳመጠ። «ጠብ የለኝም» አላቸው። «የምለው ነው ያጣሁት።» እትዬ ብርቄ፣ «ይሄ ፈረንጅ እኮ ልቡ ከብረት ነው» ብለው ወጡ።

እኔም አንድ ጊዜ ሞከርኩ። «ግዊን ያደረገብህን ነው የምታደርገው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ከጎበዝ ነው የተማርኩት።» ሊስቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም። «ማወቄ በሩን አይከፍተውም፣ ቲሩ። ማወቅ ቢከፍተውማ ግዊንም ያውቅ ነበር።»

ካንሰሩ ሲገኝበት ሥራውን ተወ። ካሪስ እዚሁ አቅራቢያ፣ ዴ ሞይን ወዳለው ቤቷ ወሰደችው፤ እሑድ እሑድ እየሄድኩ አነብለት ነበር። ኮሌጅ መግባቴን ስነግረው፣ «በየትኛው መስመር?» አለ። ከዚያ ካሪስን ጠራት። «ስሞት ለቲሩ ወዲያው ንገሪያት። ጠዋት ይሁን ማታ፣ በሥራዋም ላይ ብትሆን። ሳትጠቀልዪ። በሯ ላይ ሰው እንዲሰበሰብባት አልፈልግም።»

በመጨረሻው እሑድ፣ «ለጋሽ ክፍሌ የምነግርልህ ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። ያን ጊዜ እጁ የውኃ ብርጭቆ መያዝ አቅቶት ነበር። በአልጋው ላይ ሆኖ እጆቹን ቀስ ብሎ በብብቱ ሥር አስገባ። ዓይኑን በሩ ላይ ተከለ። እኔም ጠበቅሁ። መጽሐፌን አጥፌ፣ ብርሃኑ ከመስኮቱ እስኪሄድ ጠበቅሁ። አልተናገረም። እንቅልፍ ወሰደው።

የማያን ዊልቸር ፈትቼ ለእናቷ አስረከብኩ። የመጨረሻው ልጅ ወረደ። መንገዱን ሙሉ ወሬውን ተሸክሜ፣ ከልጆቹ ጋር እየሳቅሁ፣ ሬዲዮው ላይ የጋሽ ክፍሌን ድምፅ እየሰማሁ ነበር። አሁን መንገር አይቻልም፣ ልጆች ጭነናል፣ ስንደርስ እላለሁ። ይህ ሐሳብ የማን እንደነበረ አውቀዋለሁ። እኔ ግን ስንደርስ ወረድኩና ግቢውን አቋርጬ በቀጥታ ቢሯቸው ገባሁ።

ብቻቸውን ነበሩ። ሻይ እየጠጡ ነበር።

«ጋሽ ክፍሌ፣ ኤምሊን ዛሬ ጠዋት ሞተ» አልኳቸው።

ከወንበራቸው ተነሱ። ከትከሻዬ በላይ አሻግረው ወደ በሩ አዩ፤ ከኋላዬ የቆሙ ሰዎችን የሚፈልጉ ይመስላሉ።

«ከማን ጋር መጣሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ተመልሰው ተቀመጡ። ሻዩን ገፋ አደረጉት።

«ስለ እኔ…» አሉ፣ «በመጨረሻ ያለው ነገር ይኖራል?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ይቅር ብሏል ብል ማንም አይጠይቀኝም፤ እትዬ ብርቄ ቢሆኑ ኖሮ ሳያስቡ ይሉት ነበር፣ ጽድቅም ይሆንላቸው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጠይቄው ነበር» አልኩ። «አልመለሰልኝም።»

«ዝም አለ?»

«ዝም አለ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደጋግመው። «እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። የመረረ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው።

ሬዲዮው ጮኸ። አንዱ ሾፌር ነው፤ «ዲስፓች፣ ዲስፓች፣ ገብቻለሁ። የት ፓርክ ላድርግ?» ጋሽ ክፍሌ መነጋገሪያውን አንስተው ወደ አፋቸው አቀረቡ። ከንፈራቸው ተከፈተ። ድምፅ አልወጣም። እንደገና ሞከሩ። ከዚያ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ተጫኑ። ጭቅ፣ ጭቅ።

«እንዴ፣ ጋሽ ክፍሌ!» አለ ሾፌሩ እየሳቀ። «እርስዎም እንደ ኤምሊን ዘጉን?»